ፔሩ፣ ላኦስ እና የናቲ ጫማ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14። ጠዋት፣ ባስ ላይ

ዛሬም አዞርኩት። የናቲን ጫማ። አፍንጫውን ወደ በሩ፣ ልክ ሊወጣ እንደተነሳ ሰው። እማዬ ሻወር ቤት ነበረች። ትናንትም አዙሬው ነበር፤ ጠዋት ሳየው ተመልሶ ወደ ውስጥ ዞሯል። ስትጠርግ መሆን አለበት የምታስተካክለው። አንድ ቀን ትጮህብኛለች ብዬ እጠብቃለሁ። አትጮህም። ማንም ካልጮኸ ደግሞ ምኑን ቀልድ ሆነ፣ ጋሼ ደብተር?

ጋሼ የምልዎት ወፍራም ስለሆኑ ነው። አንቱ የምልዎት ደግሞ ሳያቋርጡ ስለሚሰሙኝ። ሳያቋርጥ የሚሰማኝ አንድ ሌላ ሰው ነበር፤ ጫማው በር ላይ ነው።

ለመዝገብ ያህል፦ ናቲ ወንድሜ። ታላቄ። ሜይ ላይ ኳስ ሲጫወት ልቡ ቆመ። በቃ። እኔ አላለቀስኩም። የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶዎት ድድዎ ደንዝዞ ያውቃል? ድድ የለዎትም፣ ረሳሁት። እንደዛ ነው፤ ግን ከጸጉሬ እስከ እግሬ። ቢነክሱኝ አይሰማኝም። መንከስ ከፈለጉ ይሞክሩ።

ከሰዓት፣ ከኮሌጅ መልስ። ሚስ ኮፍያ ውስጥ ወረቀት ጠቅልላ አዞረች። እያንዳንዱ ሰው ሁለት አገር ያወጣል። ከዛ ለንደን ያሉትን የሁለቱን አገር ስደተኞች ያወዳድራል፦ ሥራ፣ ቤት፣ የልጆች ትምህርት፣ ማኅበራዊ ኑሮ። የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ቆሞ መናገር። ለፋርሃድ ሕንድና ፖላንድ ደረሰው፤ ዕድለኛ፣ አጎቱን ቢጠይቅ ያልቃል። እኔ ፔሩና ላኦስ። ላኦስ የሳሙና ስም መስሎኝ ነበር። ጮክ ብዬ አልኩት። ክፍሉ ሳቀ።

ሚስ ግን ከክፍል በኋላ አስቀረችኝ። ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ንግግሬን ኮሜዲ አድርጌ ወድቄያለሁ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞተ፣ እኔ ዜሮ። አሁን ካለፍኩ ወደ ነርስ መግቢያው ኮርስ አፕላይ አደርጋለሁ። ከቀለድኩ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሌላ ዕድል የለም አለች። በደግነት ነው የነገረችኝ፤ እሱ ነው ያናደደኝ። የተናደድኩ ይመስለኛል። ቼክ አደርጋለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 16። ከሰዓት፣ ሰቨን ሲስተርስ

ጠዋት ላይብረሪ። የመንግሥት የሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥ። ፔሩዎች «ደቡብ አሜሪካ» የሚል ከረጢት ውስጥ ከነጎረቤቶቻቸው ታጭቀዋል። ላኦስን ፈለግኩ። «ሌላ»። እኛም አንዳንድ ፎርም ላይ «ሌላ» ነን። «ሌላ» የሚባል አገር ቢኖር ስንት ሕዝብ ይኖረው ነበር። ባንዲራው ግራጫ።

ስለዚህ በእግር። የላቲኖቹ ገበያ ውስጥ ገባሁ። ጸጉር የሚሠራው፣ ሥጋ የሚሸጠው፣ ስልክ የሚጠግነው አንድ ጣሪያ ሥር፤ ሁሉም አንድ ላይ ያወራል። አንዷ ሴትዮ ዶሮና ሩዝ ትሸጣለች። የፔሩ ባንዲራ ሰቅላለች። ደብተር ይዤ ኮስተር ብዬ የጤና ቁጥጥር ነኝ አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ሳቅኩ። በእጅ ፎጣ ጀርባዬን ሾጥ አደረገችኝ፣ ከዛ ሩዝ ሰጠችኝ። ሴኞራ ሮሳ ትባላለች።

ሮሳ፦ ሊማ ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች፣ ከነክራቫቷ። መጀመሪያ ስፔን፤ አረጋውያን እየጠበቀች ፓስፖርት አገኘች። እዛ ሥራ ሲጠፋ ለንደን። ሳይነጋ ቢሮ ትጠርጋለች፣ ሲነጋ ሱቋን ትከፍታለች። ከልጇ ጋር አንድ ክፍል ይከራያሉ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታጠናለች፤ ሳልጠይቃት ሦስቴ ነገረችኝ። እንግሊዝኛዋ ከኔም ይብሳል። አያስፈልገኝም አለች፣ እዚህ ጥርሴ ቢታመም በስፓኒሽ ይነቅሉልኛል።

ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ካረፈደች ሰው ቤቷ ድረስ ሄዶ በር ይደበድባል። በዚህ ወር ሁሉም ሐምራዊ ለብሰው የጌታን ሥዕል በትከሻ ተሸክመው መንገድ ይወጣሉ፤ ለመሸከም ተራዬ ነው እየተባባሉ ይጣላሉ አለች። ባሏ ሲሄድ ግን ማን ጋ እንደሄደ ገበያው ሁሉ ከሷ በፊት ያውቅ ነበር። እሱንም ጻፊ አለችኝ።

ወንድም እህት አለሽ ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ወንድም። የት ነው? ቤት ነው አልኳት።

ለምን እንደዛ እንዳልኩ አላውቅም። ሩዙን ጨረስኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 19። ከሥራ መልስ

ባተርሲ። ቅዳሜ ቅዳሜ የታይላንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ። ወጥ ቤት ውስጥ አንዲት አክስት አለች፣ ካም። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እላት ነበር፤ እንግሊዝኛ አዳናት። አንድ ዓመት ሙሉ «አንቲ ታይላንድ» እያልኩ ስጠራት ነበር። የጨው ዕቃዋ ውስጥ ስኳር ጨምሬባት አውቃለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻዬ ውስጥ ሚጥሚጣ አገኘሁ፤ ሚጥሚጣዋ የኛን ታስንቃለች።

ዛሬ ሼፉን ጠየቅኩት፣ ለንደን ውስጥ የላኦስ ሰው ታውቃለህ? በጭልፋው ከኋላዬ ጠቆመ። ካም ጠጅ ሣር እየከተፈች ነው። ቀና አላለችም።

«አንቺ አንድ ዓመት ታይላንድ አልሽኝ። ደንበኛው ሃያ ዓመት እንደዛ ይለኛል። የቱን ላርም?»

ሼፉም የላኦስ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ነው ታይላንዳዊ። የእናንተን አገር ምግብ ለምን በስሙ አትሸጡትም አልኩ። ማን ይገባል አለኝ።

የካም ነገር፦ ልጅ ሆና ከነቤተሰቧ በጀልባ ወንዝ ተሻግረው ታይላንድ ገቡ። የስደተኛ ካምፕ። ከዛ እንግሊዝ አንድ ብርዳም ትንሽ ከተማ አስቀመጠቻቸው፤ የአገራቸው ሰው በአካባቢው የለም። አባቷ ዶሮ ፋብሪካ። ቋንቋውን ቶሎ የለመደችው ሌላ የሚያናግራት ስላልነበረ ነው። ከባሏ ጋር ዌምብሊ ቤት ገዙ፣ ያኔ ቤት በደመወዝ ይገዛ ነበር። ልጇ ኢንጂነር ነው። በላኦ የሚችለው «ሩዝ» እና «ደከመኝ» ማለት ብቻ። ባሏ ሲሞት ጎረቤቶቹ በበሩ ቀዳዳ ካርድ አስገቡላት። ማን መጣ አልኳት። ካርዱ ቆንጆ ነበር አለች።

ባስ ላይ ሰንጠረዤን ሞላሁ። ሮሳ፦ ቤት የላትም፣ ሰው አላት። ካም፦ ቤት አላት፣ ሰው የላትም። አያምርም ጋሼ? በጣም አማረ። አንድ ነገር እንደዚህ ሲያምርልኝ አላምነውም፤ እኔ ነኛ የጻፍኩት።

እኛስ? በናቲ ለቅሶ ጊዜ ሳሎኑ ሞላ፤ ኮሪደሩ፣ ደረጃው። የቸርች ሰው ድስት ተሸክሞ መጣ። ታች ያሉት እስላም ጎረቤቶቻችን ወንበር አመጡ። እኔ ሻይ አዞርኩ። አንዱን ሽማግሌ ሻይዎ ውስጥ ጨው አለ ብዬ አሳቅኳቸው። ጠንካራ ልጅ ነች ተባልኩ። ከዛ ሰዉ ሄደ፣ በሩ ተዘጋ። ሻዩን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላስታውስም።

ካም ነገ ቤቴ ነይ አለችኝ። ልጇ ለሥራ ሲንጋፖር ሊሄድ ነው፣ ክር ያስሩለታል። ለሆምወርክሽ ይጠቅማል አለች። ለእማዬ ቸርች መቅረቴን እንዴት ልንገራት?

እሑድ፣ ኦክቶ. 20። ሳይመሽ፣ ዌምብሊ ባቡር ጣቢያ

ሆዴ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጸለየችልኝ። ከጸሎቱ ጋር ባቡር ተሳፈርኩ።

መጀመሪያ የሰንጠረዡ ስህተት፦ «ሰው የላትም» ውሸት ነው። የካም መንገድ በመኪና ተጨናንቋል። ከየት ከየት የመጡ፣ አንዳንዶቹ ሳይነጋ የተነሱ። ጎረቤት ሆነው አይኖሩም እንጂ አሉ። ሰንጠረዥ በሰፈር ሲቆጥር አያገኛቸውም።

ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። መሃል ላይ ከአበባ የተሠራ ግንብ፣ ነጭ ክር የተንጠለጠለበት። አንድ ሽማግሌ እየዘመሩ ያነባሉ። ካም መዳፌ ላይ የተቀቀለ እንቁላል አስቀመጠችልኝ። በላሁት። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ለካ ክሩ እስኪታሰር ድረስ የሚያዝ ነው! አንዲት ባልቴት እስክታለቅስ ሳቀች። በሕይወቴ ሳላስበው ያሳቅኩት የመጀመሪያ ሰው። ሌላ እንቁላል ሰጡኝ፣ ይሄኛውን በዓይናቸው እየጠበቁ።

ሽማግሌው ምን እንደሚሉ ካም በጆሮዬ ነገረችኝ። ሰው ውስጥ ያለችው ነፍስ አንድ አይደለችም፣ ብዙ ናቸው ይላሉ። ሰው ሲደነግጥ አንዳንዷ ወጥታ ትቀራለች። ይጠሯታል። ገበያ የቀረሽ፣ ነይ። ወንዝ ዳር የቀረሽ፣ ነይ። ነይ ወደ ቤት፣ ሩዙ ቀርቧል።

የኔዋ ባስ ላይ ቀርታ ይሆናል፣ የጠፋ ዕቃ ቢሮ ልጠይቅ? አልኳት።

ካም አልሳቀችም። ክሩን እጄ ላይ አሰረች፣ ጠበቅ አድርጋ።

«የት እንደቀረች አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ።

ቢያንስ ሦስት ቀን አይፈታም። አይቆረጥም ደግሞ፣ በጣት ነው የሚፈታው። ምን ተሰማሽ ይበሉኝ። ያሳክከኛል። ሌላ ምንም።

ሰኞ፣ ኦክቶ. 21። እራት ሳይቀርብ

እማዬ አየችው። እጅጌዬን ጎትቼ ነበር፣ ሰሃን ሳቀብላት ወጣ። ምንድነው አለች። የሆስፒታል ነው፣ ለሆዴ። አላመነችም። የኳስ ቡድን ምልክት ነው። አላመነችም። ሦስተኛ ውሸት ሳጣ እውነቱን ነገርኳት።

«እኔ የአንገቴን ማተብ የፈታሁት ለጌታ ብዬ ነው! አንቺ ደግሞ ከማታውቂው ሰው ቤት ታስረሽ መጣሽ?»

መቀሱን አነሳች። እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። አንድ ቀልድ ምላሴ ላይ ነበረ፣ ጥሩ ቀልድ፤ አልወጣ አለኝ።

«አትቁረጪው እማ።»

ቆመች። ድምፄ ይሆናል፤ እኔም አላወቅኩትም። ሲያስሩ ምን አሉብሽ አለች። ነይ ወደ ቤት ነው የሚሉት አልኳት። በቃ። የጠፋውን ነይ ግቢ ብለው ይጠሩታል።

መቀሱን ፍሪጁ ላይ አስቀመጠች። ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ተከተልኳት። ጎንበስ አለች፣ ጠዋት ያዞርኩትን የናቲን ጫማ አነሳች፣ ወደ ውስጥ አዞረችው፣ አጠጋግታ አስቀመጠችው። መጥረጊያ አልያዘችም።

እኔ ነኝ የማዞረው አልኳት። ቀልዴን ነው።

«አውቃለሁ። ሌላ ማን ያደርገዋል?»

«ታዲያ ለምን አትጮሂብኝም?»

«ብጮህብሽ ትተዪዋለሽ» አለች። «ከዛ ማንን አስገባለሁ?»

እራቱ ቀዘቀዘ። ስለ ክሩ ያለችው አንድ ነገር ብቻ፦ ሦስት ቀን፣ ከዛ በኋላ አላየውም።

ማክሰኞ፣ 22። ጠዋት

ጫማውን አልነካሁትም። እማዬም። ሁለታችንም አይተነው አለፍን።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 23። ከኮሌጅ መልስ

ይስሙኝ ጋሼ፣ ባስ ላይ ነኝ።

ኪሴ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ሐሳቤ ንግግሩ መሃል ላይ እሱን መብላት ነበር፣ ክፍሉ ይስቃል፣ አልቋል። ወጣሁ፣ ቆምኩ። እንቁላሉን ጨበጥኩት። ሳልበላው ጀመርኩ።

ተናገርኩ። ስለ ሮሳ፦ ተምራ የምትጠርግ፣ ልጇ ግን ዩኒቨርሲቲ የገባችላት፤ የሚደርስላትም የሚያማትም ሰው ያላት። ስለ ካም፦ ባዶ ከተማ ተጥላ ቋንቋውንም ቤቱንም ያገኘች፣ ስሟን ግን ምግብ ቤቱ በር ላይ የተወች። ሰንጠረዡ ቤት ያለውን ተሳካለት ይላል አልኩ። ፔሩዎቹ ሥዕሉን ለመሸከም የሚጣሉትን፣ የላኦሶቹን በመኪና የተጨናነቀ መንገድ የት ያስገባዋል? ሁለት ሴት ነው ያናገርኩት፣ አገር ሙሉ አይደለም፤ እሱንም አልኩ።

ሚስ ጠየቀችኝ። የአንቺ ማኅበረሰብስ ወደየትኛው ያደላል?

«እኛ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር» አልኩ። «ወንድሜ ሞቶ።»

ናትናኤል ሞተ። ሜይ ላይ። አፌ ነው ያለው። ከዛ የጥርስ ሐኪሙ መርፌ ሲለቅ ያውቁታል? አያውቁትም። ያማል። ወዲያው አይደለም፣ ቀስ ብሎ ከታች ይጀምራል። ክፍሉ ፊት አለቀስኩ ጋሼ፣ በንፍጥ። ፋርሃድ ሶፍት አጥቶ ኮፍያውን ሰጠኝ። ማንም አልሳቀም። እንቁላሉ እጄ ውስጥ ደቅቋል።

አልፌያለሁ። ሚስ ምንጮችሽን አልጻፍሽም ብላ ነጥብ ቀንሳለች። እሷ ይሄን አታልፍም።

ማታ፣ ቤት

እማዬ ክሩን ፈታችው። ጠብቋል፣ በጥፍሯ ታገለችው፣ በጥርሷም። መቀሱ አጠገቧ ነበር። ጌታ ያልተገለጠላቸው ሰዎች ናቸው አለች እየፈታች፤ ክሩን ግን ቆሻሻ ውስጥ አልጣለችውም፣ አጣጥፋ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

ጫማውን ነገ ከበሩ ልናነሳ ነው። እሷ ናት ያለችው። ናቲ ክፍል እናስገባዋለን። አንድ እግር እሷ፣ አንድ እግር እኔ። ግራውን እኔ እይዛለሁ አልኳት፣ የሚሸተው እሱ ነው። ሳቀች። አጭር ሳቅ፣ በአፍንጫ። ከሜይ ወዲህ ያልሰማሁት።

ማልቀሱ አላቆመም። ይመጣል፣ ይሄዳል። ገጽዎን አርጥቤዋለሁ፣ አይቆጡ።

ከወጥ ቤት እየጠራችኝ ነው። በሙሉ ስሜ። ቤዛዊት፣ ነይ ግቢ እያለች። ቤት ውስጥ ነኝ እኮ፣ ወዴት ነው የምገባው?