ሁለት ነጥብ የተመታበት ኢንጄክተር

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ብርድ ሲሆን የሚነሳብህ ሳል ተሻለህ? ባለቤትህና ሕፃኗስ ደህና ናቸው? የእነሱን ደህንነት የምጠይቀው ከልቤ ነው። ያንተን የምጠይቀው ግን ጤነኛ ሆነህ፣ ልብህም ሙሉ ሆኖ ይህን እንድታነብልኝ ስለምፈልግ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት።

ብረት ቀራጩ ሽማግሌ ያመጣልህን ኢንጄክተር፣ ያን ናፍታ ወደ ሞተር የሚረጨውን ዕቃ፣ አላውቀውም፣ የኔ ሥራ አይደለም ብለህ መለስክለት አሉ። ያውም ደንበኞችህ ፊት፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ። እንግዲያው ከየት እንደመጣ እኔው ልንገርህ።

ባለሰማያዊ ሚኒባሱ ሹፌር፣ ሳቂታው የምንለው፣ በቀደም እኔ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ። የዚያን ቀን ግን አልሳቀም። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትላለች፣ ስትነሳም ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ ሚኒሞ ላይ፣ ቆማ ስትሠራ፣ ደግሞ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች አለኝ። አንተ ጋ ተመላልሶ ፊልትሮውን ቀይረህለታል፣ የናፍታ ፖምፓውን አውርደህ መልሰህ ሰቅለሃል፣ በመጨረሻም ሞተሩ አርጅቷልና ሽጠው ብለኸዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ቀና ብሎ ሊያየኝ አፍሮ፣ መሬት መሬት እያየ ነው። ለምን እንዳፈረ አንተም ታውቃለህ።

ሞተሩን አስነሳሁና የናፍታ ቧንቧዎቹን ማሰሪያ በየተራ አላላሁ። ይህን ምርመራ አባቴ ለሁለታችንም እኩል ነው ያስተማረን። ደህና ኢንጄክተር ናፍታ ሲቀርበት ሞተሩ ይደነግጣል፣ ድምፁም ይወርዳል። የአንደኛውን ሳላላ ወረደ። የሁለተኛውንም እንዲሁ። የሦስተኛውን ሳላላ ግን ሞተሩ እንዳልሰማ ሰው ያንኑ መንቀጥቀጡን ቀጠለ። አጥብቄ እንደገና አላላሁት፤ ያው ነው። ሆዴ ያኔውኑ አወቀ። ከአባቴ ጋራዥ በተባረርኩበት ዓመት ቀልጦ የተገኘውም የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን ነበርና።

ያን ቀን ያልከውን አንተ ረስተኸው ይሆናል። ይህችው ሚኒባስ ተጎትታ መጥታ ሞተሯ ሲከፈት፣ ለአባቴ፣ ፖምፓውን የገጠመችው ልጅዎ ናት፣ ናፍታው የሚረጭበትን ሰዓት፣ ታይሚንጉን አዛብታ ፒስተኑን ያቀለጠችው እሷ ናት አልከው። ኢንጄክተሮቹማ አዲስ ናቸው፣ በእጄ ነው የገጠምኳቸው አልክ። እኔ አውጥተን እንሞክራቸው ብዬ ብለምን፣ ጥፋቷን ለመሸፈን ነው ብለህ ሳቅክ። ሳቂታውም አብሮህ ሳቀ። ብረት ቀራጩ ሽማግሌም ቆሞ ያይ ነበር። አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ አንተን አየና እጁን ዘርግቶ የጋራዡን ቁልፍ ስጪኝ አለኝ። ከእጄ ተቀብሎ ላንተ ሰጠህ። የሥራ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ያለፍኩበት ጋራዥ ሁሉ፣ ሞተር አቅላጯ መጣች ይባልልኝ ነበር።

ወደ በቀደሙ ልመለስና፣ ሦስተኛው ኢንጄክተር አልወጣም ብሎ ታገለኝ። ሲወጣ ከሥሩ ሁለት የመዳብ ቀለበት ተደራርቦ፣ በእሳት ብዛት አንድ ሆኖ ተጣብቋል። መቀመጫው ከተበላ ያስተካክሉታል እንጂ ቀለበት አይደርቡበትም እያለ አባቴ ስንት ጊዜ ተቆጥቶናል። ጥላሸቱን ስጠርገው ጎኑ ላይ ሁለት ነጥብ አገኘሁ። የፈታኸውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ እንዳይጠፋብህ የምትመታበትን ምልክት። አዲስ ነው ያልከው ዕቃ፣ ከኔ መባረር በፊት ጀምሮ እዚያው የነበረ አሮጌ ነው። አጥበህ መልሰኸዋል፣ በቃ።

እኔ አልጮህኩም። ሽማግሌውን ከማዶ አስጠራሁት። ኢንጄክተሮቹን መሞከሪያው ላይ አስሬ፣ ሳቂታውን የመሞከሪያውን እጀታ አንተው ተጫነው አልኩት። ደህናውን ሲጫነው ናፍታው እንደ ጉም ብን አለ። ያንተን ሲጫነው እንደ ሕፃን ለሃጭ ተንጠባጠበ። ደጋግሞ ተጫነው። ከዚያ ፊቱ ጠቁሮ፣ ያኔም ይቺው ነበረች ማለት ነው? አለኝ። ሽማግሌው ጨርቅ ተቀበለኝ፣ ኢንጄክተሩን ጠርጎ ኪሱ ከተተና መንገዱን ተሻግሮ ወዳንተ ሄደ። ሂድ አላልኩትም። ተመለስም አላልኩትም። ጀርባውን እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አሁን ሹፌሮቹ እኔ በር ላይ ነው የሚሰለፉት። አንተ ደጅ ወንበር አውጥተህ መንገድ መንገድ ታያለህ ይሉኛል። ተቀመጥ፣ ይልመድብህ። አባቴም ታሞ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ከዘራውን ተደግፎ ወደ ገዛ ጋራዡ ሲመጣ፣ ጋሼ፣ ደንበኛ ይሸሽብናል፣ ቤት ይረፉ ብለህ መልሰኸዋል። እስኪሞት ድረስ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ያዳምጥ ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ለእናቴ ወሬውን ስነግራት ትደሰታለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን አዞረች። አባትሽ ያኔውኑ ያውቅ ነበር አለችኝ። ልጄ እንዳላጠፋች አውቃለሁ ብሎ አልቅሶባታል። ታዲያ ለምን? ብዬ ጮህኩባት። የያዘችውን ልብስ አጥፋ ጨረሰች። በኋላ፣ ላንቺ ስሙን ሰጥቶሻል፤ ለሱ ሊሰጠው የቻለው ቁልፍ ብቻ ነበር አለችኝ። እናትህ እጅህን ይዛ ጋራዡ በር ላይ ጥላህ የሄደች ቀን፣ እናቴ አረማመድህ የማን እንደሆነ አይታ ማንንም ሳትጠይቅ ለራት አንድ ሳህን ጨመረች።

እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች። ምያለሁም። ስለዚህ ምንም አልነገርኩህም። ቀብሩ ላይ ከጎረቤት ጋር ኋላ ቆመህ ሰዓትህን ታይ እንደነበር ግን አይቻለሁ። ቦታህ እዚያ አልነበረም።

ጤና ይስጥህ። ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፣ ይህን እያሰብክ የምትኖረው። ሕፃኗን ያሳድግልህ፤ አፏን ፈትታ የአያቷን ስም የምትጠይቅህ ቀን መልስ አያሳጣህ።

እህትህ