ሳንጣላ የሰቀልሽው ቃል

ውድ ሸምበቆ፣

የማይነበብ ፊደል ለምን ይጻፋል? እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ሳይጠይቅ አልቀረም። አንቺ የጠየቅሽኝ የተከራየናት ክፍል ወለል ላይ በሆድሽ ተኝተሽ፣ ማርከር በጥርስሽ ነክሰሽ ነበር። «ጂ እና ኤች እዚህ ቃል ውስጥ ቁጭ ብለው ምን ይሠራሉ? ድምፅ የላቸው፣ ቦታ ግን ይዘዋል!» ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ማክሰኞ ዕለት አገኘሁት። ልክ እንደነሱ የሆነ ሰው አየሁ፤ አንቺን።

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ እንዳትሸወጂ።

ገመዱን መቼም አትረሺውም። የተመረቅን ሰሞን ሁለታችንም ሥራ ፈት ነበርን። እንግሊዝኛችን ወረቀት ላይ ያበራል፣ ሰው ፊት ስንቆም ግን ድራሹ ይጠፋል። በአንድ ዓይነት ፊደላት የሚያልቁ ቃላትን ካርድ ላይ ጽፎ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ መስቀል የእኔ ሐሳብ ነበር። መጀመሪያ የሰበሰብነው በኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች እና ቲ የሚያልቁትን ነው፤ ብሮት፣ ቦት፣ ቶት፣ ሶት፣ ፎት። አመጣ፣ ገዛ፣ አሰበ፣ ፈለገ፣ ተጣላ።

ሕጉን ያወጣሽው ግን አንቺ ነሽ፤ ይህን አልክድሽም። «ያልኖርነውን ቃል አንሰቅልም» አልሽ። ቃሉ በእኛ ላይ ካልደረሰና የደረሰውን ጮክ ብለን በእንግሊዝኛ ካልተረክነው፣ ካርዱ ወለል ላይ ይቆያል። «ቦት»ን የሰቀልነው ያንን እግሩ የተወላገደ ወንበር የገዛን ቀን ነው። አንቺ ትተርኪያለሽ፣ እኔ ተቀምጬበት እወዛወዛለሁ፣ በሳቅ ፍርስ አልን። አከራያችን በበሩ ብቅ ብለው፣ «እናንተ ልጆች፣ የሚሰጣ ልብስ አጥታችሁ ነው ወረቀት የምታሰጡብኝ?» አሉን።

«እትዬ፣ እስኪደርቅልን ነው» አልሻቸው።

«ምኑ?»

«እንግሊዝኛው!»

«በሉ ሳይዘንብበት አስገቡት።»

«ፎት» ብቻ ወለል ላይ ቀረ። ተጣልተን አናውቅማ! «እስቲ ዛሬ እንኳን ስደቢኝና ትሰቀል» እያልሽ ታደርቂኝ ነበር። አንድ ቀን ስድብ ቢጠፋኝ «አንቺ ቀጭን!» አልኩሽ። «እሱማ ስሜ ነው» አልሽኝ።

ከዚያ የማታ ትምህርት ቤቱ ቀጠረሽ። ክፍሏን ለቀሽ ስትወጪ ካርዶቹን ልውሰዳቸው ወይ አልሽ፤ ውሰጂያቸው አልኩሽ። ካርዶቹን ሰጠሁሽ እንጂ ከታሪኩ ሰርዢኝ አላልኩሽም።

ማክሰኞ እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ለመምህርነት ልፈተን መጣሁ። ከፈታኞቹ መካከል አንቺን ሳይ ደስ አለኝ፤ ጅል! ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ ቃላቱን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ሕጉን ማስረዳት ጀመርኩ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ታክሲ ነጂ ተማሪሽ፣ «ቲቸር፣ ይሄንንማ እናውቀዋለን፤ ያውልሽ» ብሎ ግድግዳውን አሳየኝ። ገመዳችን! ካርዶቹን በአዲስ ወረቀት፣ በሚያምር ቀለም እንደገና ጽፈሻቸዋል።

«ስለ ቦትም ነግራናለች» አለ፣ ሊረዳኝ ብሎ። «ብቻዋን ስትኖር አንድ ወልጋዳ ወንበር ገዝታ...»

ብቻሽን! እኔ ታዲያ ያ ወንበር ላይ ምን ሆኜ ነበር፣ ትራስ?

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ የኛ መምህርት የፈጠረችው ዘዴ ነው። ሰው ለፈተና ሲመጣ የራሱን ይዞ ይመጣል እንጂ ኮርጆ አይመጣም።»

«የሁለታችን ነው፤ እሷው ትናገር» አልኩ።

ሁሉም ወደ አንቺ ዞሩ። አንቺ የእስክሪብቶሽን ክዳን ከፈትሽ፣ ዘጋሽ። ከፈትሽ፣ ዘጋሽ። ቦታ ይዘሻል፣ ድምፅ ግን የለሽም።

ዕቃዬን ስሰበስብ ከገመዱ ጫፍ ላይ «ፎት»ን አየኋት። ታክሲ ነጂውን፣ «የዚችንስ ታሪክ ነግራችኋለች?» አልኩት። «እሷንማ ዘለለቻት» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ተከትለሽኝ መጣሽ። «ጥድፊያ፣ ተረጂኝ እንጂ፤ የሙከራ ጊዜዬን እኮ ገና አልጨረስኩም» አልሽኝ በሹክሹክታ። እዚያም በሹክሹክታ! አንቺ ሥራሽን ስትጠብቂ እኔ ሌባ ሆኜ ወጣሁ። አባቴ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ እየደወለ «ልጄ አስተማሪ ልትሆን ነው» ሲል ሰንብቷል። አሁን መልሶ ደውሎ ምን ይበል?

እኔ አስተማሪ መሆኔ አይቀርም። እዚያ ባይሆን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ገመድ ዘርግቼ አስተምራለሁ። ግን ኮራጅ የሚል ስም ተሸክሜ የማንንም በር አላንኳኳም። ዓርብ ውጤት ይለጠፋል። ማስረጃ በእጄ የለም፤ ማስረጃዬ የአንቺ አፍ ብቻ ነው።

ደግሞ ደስ ይበልሽ፤ አሁን ተጣልተናል። ሳትኖሪው የሰቀልሽው ቃል ባለቤት አገኘ። የቀረው መተረኩ ነው፤ ሕጉም የራስሽ ነው። ሐሙስ ክፍል ስትገቢ ዳይሬክተሩን ጥሪያቸውና ከካርዷ ሥር ቁሚ። ከማን ጋር እንደተጣላሽ፣ ለምን እንደተጣላሽ፣ ያ ወንበር ላይ ማን ተቀምጣ ትወዛወዝ እንደነበር በእንግሊዝኛ፣ የኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተርኪ። ይህን ካልቻልሽ ካርዷን አውርጂና መልሺልኝ፤ ታሪኩን እኔ እተርከዋለሁ።

የቱን እንደመረጥሽ ከሐሙስ በፊት ጻፊልኝ። ስትጽፊም የሚነበብ ነገር ጻፊ።

ጥድፊያ፣
ያልኮረጀችው