ዘግይቶ የበራ ዐይን፦ የአቶ ቢያዝን ዘሩ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቢያዝን ዘሩ ከአባታቸው ከአቶ ዘሩ ወልደ ዮሐንስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ገላው በ1943 ዓ.ም. ከቡሬ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በዝግባ ጊዮርጊስ አጥቢያ ተወለዱ። በልጅነታቸው ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ድቁና ተቀብለው ደብራቸውን አገለገሉ። በ1962 ዓ.ም. ወይዘሮ አቻምየለሽ መኮንንን በተክሊል አግብተው ይታገሱን፣ ሰብሊን እና ውዳሴን ወለዱ። ኑሯቸው እርሻ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አገሩ ስለ ሥልጣን ሲያወራ፣ እርሳቸው የቤተ ክርስቲያኑን የሣር ክዳን በቆርቆሮ ለማስለወጥ ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር። አስለወጡትም። ብዙም ሳይቆይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ አድርጎ ሾማቸው። ጾም አይገድፉም፣ ቅዳሴ አያስታጉሉም። ሰው ሁሉ «ቢያዝን ካልጸደቀ ማን ይጸድቃል?» ይል ነበር። እርሳቸውም ያምኑት ነበር፤ ሕመማቸውም እርሱው ነበር።

በመንደሩ ዳር ሸማኔው አቶ ዘመኑ እና ባለቤታቸው ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ እታለም ይኖሩ ነበር። የማኅበሩ ጠላ የሚጠመቅበት ጋንና የሚቀዳበት እንስራ ከወይዘሮ እታለም እጅ የወጣ ነው። ሆኖም «ቡዳ ናቸው» ስለሚባሉ ከጽዋው አይቀምሱም። በበዓል ድርሻቸው በቅል ተቀድቶ በአጥር በላይ ይሰጣቸዋል። ቅሉን የሚያቀብሉት አቶ ቢያዝን ነበሩ፤ ይህንም እንደ ምጽዋት ይቆጥሩት ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የመጨረሻ ልጃቸው ውዳሴ በአሥራ አራት ዓመቷ ትኩሳት ያዛት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቃዠችም። አባቷ ጸበል አስረጯት። አልተሻላትም። እንደ አገሩ ልማድ ጭስ አጭሰው «ማን በላሽ? ተናገሪ» እያሉ ያስለፈልፏት ጀመር። ልጅቱ የማንንም ስም አልጠራችም። ያን ጊዜ ስሙን ያወጡት አባቷ ራሳቸው ናቸው፤ «እታለም ናት?» አሏት። ውዳሴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አቶ ቢያዝን ከዓመታት በኋላ ይህን ሲያወሱ «እኔ ነኝ ወይ ብያት ቢሆንም ትነቀንቅ ነበር» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ እታለምን ከጭቃ ሥራቸው አንሥተው፣ እጃቸው ሳይታጠብ እየጎተቱ አመጧቸው። «የበላሽውን መልሽ፣ ትፍ በይባት» ተባሉ። እርሳቸውም ትፍ አሉና «እንግዲህ ተፋሁ፣ አያ ቢያዝን። አሁን ደግሞ ሐኪም ቤት አድርሱልኝ» አሉ። «አንቺ ደግሞ ትመክሪኝ ጀመር?» ነበር መልሳቸው። ልጅቱ በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያም በመኪና ፍኖተ ሰላም የደረሰችው ነፍሷ ልትወጣ ስትል ነው። ወባ ነው ተባሉ። አላመኑም።

ከውዳሴ ቀብር በኋላ አቶ ቢያዝን በሙሴነታቸው ከእነ እታለም ማንም ሸክላ እንዳይገዛ፣ እሳትም እንዳይጭር አወገዙ። ባልና ሚስቱ ወደ ቡሬ ተሰደዱ። አቶ ዘመኑ እዚያው አረፉ፤ ቀባሪያቸው ጥቂት እንደ ነበር ተሰማ። አቶ ቢያዝን ይህ ሲነገራቸው ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር፤ ቀና ብለው ሰሙ፣ መልሰውም ደገሙ።

በ1998 ዓ.ም. ሰብሊን ያው ትኩሳት ያዛት፤ መንቀጥቀጡ ያው፣ ቅዠቱም ያው። ባሏ ማንንም ሳይጠይቅ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት አደረሳት፤ ኪኒን ዋጠች፣ ዳነችም። አቶ ቢያዝን ሊጠይቋት ሄደው ልጃቸው ተቀምጣ ገንፎ ስትበላ ባዩ ጊዜ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ውዳሴን የበላ ሰው እንዳልነበረ ያን ዕለት ገባቸው። ዐይናቸው በራ፤ የበራላቸው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳቸው።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ሕይወት ጾምና ስግደት ሲያዟቸው «አባቴ፣ ጾሙንስ ለምጄዋለሁ፤ ስጾም ነው ያበድሁት። እሷ ፊት እንዴት እንደምቆም ይንገሩኝ» አሉ። ከዚያም እንደ አባቶች ልማድ በትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመው ቡሬ ወይዘሮ እታለም በር ላይ ቆሙ። ወይዘሮ እታለም «ድንጋዩን አውርዱት አያ ቢያዝን፣ ትከሻዎ ይጎዳል» አሏቸው። «ይቅር በይኝ» ቢሏቸው ግን «የኔን ድርሻ ብሰጥዎ የዘመኑን ማን ይሰጥዎታል? እሱ እንደሁ ተኝቷል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ደግመው ደጋግመው ሄዱ። መቀመጫ አልተከለከሉም፤ ያችን አንዲት ቃል ግን አላገኙም።

አቶ ቢያዝን፣ ወይዘሮ እታለም ወደ ማኅበሩ ገብተው ከጽዋው እንዲቀምሱ ጠየቁ። ማኅበሩ «ቢያዝን አረጀ» አለ። ሙሴነታቸውን አስረከቡ። «ከወንድምህ ታረቅ የተባለውን አልፌ አልቀርብም» ብለው ከሥጋ ወደሙም ራቁ፤ ቄስ ገብረ ሕይወት ቢለምኗቸውም እሺ አላሉም። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው ልጃቸው ይታገሱ «አባዬ፣ ቡዳ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም የለም» ቢላቸው «ልጄ፣ አንተ ከመጽሐፍ አወቅኸው። እኔ በልጄ ሬሳ አወቅሁት» አሉት። ይታገሱ የአባቱ አምላክ ስለ መኖሩ የሚጠራጠር ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ክርክር አላነሣባቸውም።

በ2004 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸናባቸው። በፍኖተ ሰላም ሲታከሙ ቆይተው፣ «ቤቴ ልሙት» ብለው ተመለሱ። ግንቦት 9 ቀን 2004 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አቻምየለሽ፣ ልጆቻቸው ይታገሱና ሰብሊ፣ የልጅ ልጆችም ቀርተዋቸዋል።

ታሪካቸው ሳይሸፋፈን በሕዝብ ፊት እንዲነበብ የተናዘዙት ራሳቸው ናቸው። ዘመድ «የሟች ነውር አይነበብም» ቢል ወይዘሮ አቻምየለሽ «ልጄን ቀብሬ ዝም ያልሁት ይበቃል፤ እሱ እንዳለው ይነበብ» ብለዋል።

አንድ ኑዛዜ ቀርቷል። ለወይዘሮ እታለም መልእክት ተልኮላቸዋል፤ ይምጡ አይምጡ ይህ ሲጻፍ አልታወቀም። አቶ ቢያዝን፣ ሕዝቡ «ነፍስ ይማር» ከማለቱ በፊት ዝም ብሎ እንዲቆይላቸው ለምነዋል። ወይዘሮ እታለም ከመካከላችን ካሉና ቃሉ ከልባቸው ከወጣ፣ ቀድመው ይበሉ። ዝም ካሉም እውነት አላቸውና ማንም ቀና ብሎ እንዳያያቸው። እኛ ከእርሳቸው በኋላ እንላለን። የውዳሴንና የዘመኑን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ የቢያዝንንም በሩ ላይ አይተዋት።

አሁን ዝም እንበል።