ሁለተኛዋ መምህርት

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፤

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤንነትህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ያን ከባድ ሳንቃ ብቻህን አታንሣ ብዬህ ነበር፤ እንደማትሰማኝ ግን አውቃለሁ። አባባስ እንዴት ናቸው? አሁንም ጣሪያ ላይ ይወጣሉ አሉ፤ እግዜር ያቆያቸው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ሁለቱ ወንድሞችህም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል፣ ድምፄም ከሰዓት በኋላ ጥሎኝ ይሄዳል፤ ከዚህ በቀር ደህና ነኝ።

ይኸውልህ፣ ያልታረመ ደብተር ጠረጴዛው ላይ እንደ ተቆለለ ትቼ ብዕር ያነሣሁት ደስታ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ሁለተኛ ሴት መምህርት መጣችልን!

“ታዲያ ይሄ ምኑ ይገርማል” እንዳትለኝ። አንተ የአባትህን የእንጨት ሥራ ቤት ልትይዝ ከሄድክ ጀምሮ ዝውውር በጠየቅሁ ቁጥር ርዕሰ መምህሩ የሚለኝን ታውቃለህ። “እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ ሴት ያስፈልገዋል። አንቺን ለቅቄ ከየት አመጣለሁ? ምትክሽ ሴት ስትመጣ በማግስቱ ትሄጃለሽ” ይለኛል። አንዷ ተመድባ መጥታ ነበር፤ ግቢውን አይታ ሻንጣዋን ሳትፈታ ተመለሰች።

ትምህርት ቤቱ ሴት ያስፈልገዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ አጫውቼህ አላውቅም። አንደኛ ክፍል የእኔ ነው፣ “ሕፃን ለሴት ነው” ተብሎ። ሱሪው ላይ የሸና የእኔ ነው፣ የማንም ክፍል ልጅ ቢሆን። እንግዳ ሲመጣ አበባ ይዞ በር ላይ መቆም የእኔ፣ ሻዩም የእኔ፣ ብርጭቆውም የእኔ። ከፍ ባሉት ክፍሎች አንዷን ልጅ የወር አበባ ድንገት ሲያስደነግጣት መምህሯ የክፍሌ በር ላይ ቆሞ እህህ እያለ ይስላል። “ያው… እሱ ነገር ነው” ይለኛል፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። የራሴን ሕፃናት “አርፋችሁ ተቀመጡ” ብዬ እሮጣለሁ፤ ስመለስ አንዱ አንዱን ነክሶት አገኛለሁ።

አዲሷን ልጆቹ “ፉጨት” ብለዋታል። እንደ እኔ አትጮህም፤ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አንዴ ስታፏጭ ግቢው ጸጥ ይላል። ይህን ብልሃት ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ድምፄ ዛሬ አብሮኝ ነበር!

በመጣች በሳምንቱ፣ በእረፍት ሰዓት፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ልጆቹ “አባ ዜሮ” የሚሉት፣ እንደ ልማዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ፣ “እናንተ ሴቶች፣ ዛሬ ሻይ የለም እንዴ?” አለ። እኔ ለካ ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። እሷ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝና፣ “ማንቆርቆሪያው እዚያው ነው ጋሼ፤ አይናከስም” አለችው። የስፖርት መምህሩ እየሳቀ፣ “አባ ዜሮ፣ ዛሬ የፈተና ተራው ያንተ ነው!” አለ። ሰውየው ጆሮው ቀልቶ ተነሣ። ያፈላው ሻይ ከስኳሩ ብዛት ከንፈር ያጣብቃል። ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁት። ተቀምጬ ሻይ የቀረበልኝ መቼ እንደነበር ላስታውስ ብል አልመጣልኝም።

የስፖርት መምህሩም ተራው ደረሰው። መጥቶ “እሱ ነገር” ሲላት፣ “ስም አለው እኮ ወንድሜ፤ የወር አበባ በል፣ ግድግዳው አይፈርስም” ብላ ንጽህና መጠበቂያው ያለበትን ቁም ሣጥን አሳየችው። አሁን ራሱ አውጥቶ ይሰጣል። መሳሉን ግን አልተወም።

አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ሁለታችንን ጎን ለጎን ስታየን ቆይታ፣ “ቲቸር፣ ሴት መምህር ሁለት ይሆናል እንዴ?” አለችኝ። ምስኪን፣ እንደ ደወሉ ለአንድ ግቢ አንድ የሚሰጥ መስሏት ኖሯል። እዚያው ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን እንባዬ መጣ።

ርዕሰ መምህሩም ቃሉን አላጠፈም። ጠራኝና፣ “እንግዲህ ምትክሽ መጥታለች፤ ወሩ ሲያልቅ ወደ ባልሽ መሄድ ትችያለሽ” አለኝ። ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። ተጋድሜ የላክልኝን ደብዳቤ ደግሜ አነበብኩት። እናትህ ካረፉ ወዲህ አራት ወንዶች ብቻችሁን መቅረታችሁን፣ ዕቃው ሳይታጠብ እንደሚያድር፣ አባባ የሰው እጅ እንደማይጥማቸው ጽፈሃል። ትንሹ ወንድምህ “እሷ ስትመጣ ይታጠባል” እያለ ሸሚዙን ማጠራቀም ጀምሯል ብለህ ቀልደሃል። እኔም ሳቅሁ። መጨረሻው ላይ “ቤቱ ሴት ያስፈልገዋል” ይላል። እሱ ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

እናትህን ነፍሳቸውን ይማርና እወዳቸው ነበር። ስንት ዘመን ቤታችሁ ስመላለስ ግን፣ ተቀምጠው ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም። አንተ አይተሃቸዋል?

ለርዕሰ መምህሩ በማግስቱ መልሴን ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ፣ “እርግጠኛ ነሽ?” አለኝ። ለሚመጣው ዓመት አንደኛ ክፍልን እየተፈራረቅን እንድንይዝ ከፉጨት ጋር ተነጋግረናል፤ አባ ዜሮም አንድ ሰዓት ሊወስድ ተስማምቷል፣ ሕፃናቱ ይዘኑለት።

ለወንድሞችህ ይህን ንገርልኝ። የቡታጋዙ የግራ ቁልፍ ይጠብቃል፤ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ነው የሚያዞሩት። ሩዝ ሲቀቅሉ ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ክዳኑን አይክፈቱት። የአባባን ጨው ይቀንሱላቸው።

አንተም ሲመችህ ናልኝ። ለአንድ ቀን አይደለም የምልህ። ቤቴ ጠባብ ቢሆንም ለሁለት ሰው አይጠብም፤ እዚህም ሰፈር አናጢ ይፈለጋል። ስትመጣ ደክሞኝ ታገኘኛለህ፤ ግን ተቀምጬ።

እጅህን ከመጋዝ፣ ልብህን ከቅያሜ ይጠብቅልኝ። አሜን።

የምትናፍቅህ ባለቤትህ