የሔራን አልጋ

ጥር 7
የሔራንን አልጋ ገጥሜ ጨረስሁ። ዋንዛ ነው፤ አንድም ሚስማር የለውም። ልጄ የበኩሯን ልትወልድ ፔዳ ሰፈር ካለው ከባሏ ቤት ወደኛ ሰፈር ወደ ዓባይ ማዶ ትመጣለች። ደንቡ ነው።
ደወለች። «አባየ፣ ቫርኒሽ እንዳይቀቡት። አስሜን ይቀሰቅስብኛል። በሳሙና ይሹት፤ እንደዚያ ሲሠሩ በስልክ አይቻለሁ።»
«ሳሙና ለልብስ ነው» አልኋት።
አርባ ዓመት እንጨት ስሠራ ማንም አላስተማረኝ። አሁን ስልክ ሊያስተምረኝ?

ጥር 9
ቫርኒሽ ቀባሁት። ሁለት ጊዜ። መስታወት መሰለ።

ጥር 18
መጣች። ከምሳ በኋላ አልጋው ላይ ጋደም አለች... ሩብ ሰዓት አልቆየችም፣ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ስትወጣ «ነግሬዎት ነበር» አለች። ባሏ ወልደ ጻድቅ ቀና ብሎም አላየኝ።

ጥር 19
ተሽሏታል። የምትወልደው ግን ባሏ ቤት ነው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን ልል ነው?
ባለቤቴ ፅጌ ማርያም ልታርሳት ጓዟን ይዛ ሄደች። «አንተ ሰውየ፣ ከቫርኒሽህ ጋር ኑር!»

ጥር 23
ቫርኒሹን ፋቅሁት። ሦስት ቀን ፈጀ። ነጭ ሳሙና በሞረድ ፈቅፍቄ በሙቅ ውሃ አሟሟሁ። እንዲሰርግ ብየ አልጋውን በዕቃ ማጠቢያ የብረት ሽቦ ፈተግሁት... ሽቦው ዝጎ ራስጌውን በጥቁር ነጠብጣብ ሞላው። ሞኝ! እንደገና ፋቅሁ።

ጥር 27
በጨርቅ ሞከርሁ። ማሸት፣ መወልወል፣ ማድረቅ... ሦስት ጊዜ። አያብለጨልጭም። እጄን ሳሳርፍበት ግን እንደ ሐር ለሰለሰ። ለማን ላሳይ?

የካቲት 4
ወንድ ወለደች። እዚያው ፔዳ።
ደወልሁ። ይቅርታ ልል ነበር... «አልጋው በሳሙና ታሽቷል» አልሁ።
«ጥሩ ነው፣ አባየ።» ልጁን ይዩት አላለችኝም። ሳልጠራ አልሄድም።

የካቲት 21
ኑሰይባ የምትባል ሴት መጣች፤ የሔራን የሥራ ባልደረባ ናት። ለልጆቿ ቁም ሳጥን ትፈልጋለች።
«ቫርኒሽ የሌለበት። ሔራን ‹በሳሙና እንደ አባቴ የሚያሳምር የለም› አለችኝ። ትናንት አራስ ጥየቃ ሄጄ ነበር።»
ትናንት... ልጁን አቅፋዋለች ማለት ነው። ማንን ይመስላል ብየ ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ።
«ስፋቱ አንድ ሜትር ይበቃሻል?» አልሁ።