ግድግዳ አልባዎቹና የፕሮፌሰሩ ጠርሙስ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዝናብ። የብስክሌቴ ሰንሰለት ወለቀ፣ ሌይደን ከተማ ድረስ እየገፋሁ መጣሁ።

ላቦራቶሪ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ። ለትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት የምርምር ሥራዬ ለባክቴሪያዎቼ ፔኒሲሊን ሰጥቼ የሚሸፍናቸውን ግድግዳ አፍርሻለሁ። እንዲህ የሆነ ባክቴሪያ ውሃ እየገባበት ይፈነዳል። የኔዎቹ ግን ስኳር የበዛበት ማሳደጊያ ሾርባ ውስጥ ናቸው፤ ስኳሩ ውሃው ዘው ብሎ እንዳይገባባቸው ይይዝላቸዋል። ዱላ ይመስሉ የነበሩት ኳስ ሆነዋል። ግን እንዲህ ሆነው ይባዛሉ? አርብ የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ታከንስ ይባዛሉ ብለው ካልፈረሙልኝ ርዕሴን ቀይሬ የባቄላ ቡቃያ ልለካ ነው። ባቄላ... በአሥራ ሰባት ዓመቴ።

የላቦራቶሪውን ዕቃ የምትይዘው ሂልከ (ስልሳ ሊሞላት ነው፤ "አንቺ በይኝ፣ አሮጊት አታድርጊኝ" ብላኛለች) ሾርባዬን አየችና፣

"እኔም ምርምር ላይ ሳለሁ ሞክሬአቸው ነበር። ሞቱ።"

"ማን አለሽ?"

"ታከንስ ቆጥሮ።"

ጠርሙስ ማጠቧን ቀጠለች።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

የዚህ ላቦራቶሪ ሕግ፦ የተሳሳተ ኬክ ያመጣል። ጠዋት አራት ሰዓት ቡና ላይ ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል፣ ከዚያ ይበላል። እኔ ሁለቴ አምጥቻለሁ። ታከንስ በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን። "ስለማልሳሳት ነዋ" ይላሉ፣ የኔን ኬክ እያላመጡ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

አየኋቸው። በማይክሮስኮፕ። አንዱ አበጠ፣ ቆዳው ለራሱ እስኪሰፋው ድረስ። ከዚያ ክንድ አወጣ። ክንዱ ረዘመ፣ እዚህም እዚያም ቀጠነ፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ ኳሶች ተበጥሰው ሄዱ። መሐል ለመሐል ተካፍሎ እኩል መሆን የለም። አንዱ ግዙፍ፣ ሌላው ኩርማን። ሥርዓት የለሾች... ወደድኳቸው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ታከንስ ናሙናዬን ቆጠሩ።

"ዜሮ፣ ቪትስከ። በሕይወት ያለ የለም።"

"ትናንት ሲባዙ አይቻለሁ።"

"የወጣት ዓይን የፈለገውን ያያል።"

"የሽማግሌስ?"

"የሽማግሌ ዓይን መነጽር አለው። ባቄላም ቆንጆ ነው እኮ።"

ቆንጆ... ትናንት የነበሩት ዛሬ የት ገቡ? ሰውየው ሲወጡ ሂልከን ጠየቅኳት። "ከመቁጠራቸው በፊት ናሙናውን የሚያቀጥኑት በምንድነው?"

"በዚያ በራሱ ጠርሙስ ነዋ። የተጣራ ውሃ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁሉንም በሱ ነው።"

ውሃ። ስኳር የሌለው ውሃ።

ተያየን። ጓንቷን አወለቀች።

አርብ፣ ኖቬምበር 8

ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ታከንስን ያዝኳቸው።

"ቡናዬ..."

"ቡናው አይፈነዳም። ይህን ይዩልኝ።"

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉ። ኳሶቹ አሉ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው። "እ" አሉ። ከራሳቸው ጠርሙስ አንድ ጠብታ በመስታወቱ ጠርዝ ለቀቅኩ። አንዱ ጠፋ። ሌላው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ባዶ።

"ድገሚው።"

ደገምኩ። አራት ሰዓት አለፈ፤ ሰውየው ከቡና ሲቀሩ አይቼ አላውቅም።

"አልሞቱም ነበር" አሉ። "እኔ ነኝ የገደልኳቸው።" ወረቀቴን ስበው ፈረሙ።

ለዚህች ሰዓት ስንት ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። ግን እኔን አላዩም፤ ሂልከን ነው ያዩት።

"ያንቺንም?"

"በአሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት" አለች። "በዚሁ ጠርሙስ።"

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

የፖም ኬክ። ታከንስ ራሳቸው የጋገሩት። ዳሩ ከመጠንከሩ የተነሳ ፔኒሲሊንም አያፈርሰው።

ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሂልከን ባክቴሪያዎችሽ ሞተዋል አልኳት። ምርምሯን ተወች። ውሃዬን ሳልመረምር ነው ያልኩት።" የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሷ ሰጡ። ማንም አልሳቀም፣ እኔም።

ሂልከ ቁራሹን ለሁለት ሰበረች፣ ግማሹን ለሳቸው መለሰች። "ከብዷል" አለች። "እንጋራው።"

ከዚያ እጇን ጠርጋ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጠች። በራሷ ሾርባ፣ በብዙ ስኳር።

አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አልነሳም ብላለች። ጠርሙሶቹን እኔና ታከንስ እያጠብን ነው፤ ሰውየው ማጠብ አይችሉም፣ እያሳየኋቸው ነው።