ከአውድማው በታች

ጥር 6
ክፍሉ ባዶ ነው። ተማሪው ሁሉ አውድማ ላይ። ለወንበር ላስተምር? ደብረ ማርቆስ ናፈቀችኝ… ያውም ከነአቧራዋ።
የኔታ ወልደ ገብርኤል፣ የምኖርበት ቤት አባወራ፣ «ጤፉ ይግባ እንጂ ፊደሉ የትም አይሄድም» አሉኝ። እሳቸው መሪጌታ ናቸው፣ ፊደል ሲያስቆጥሩ ነው ያረጁት። ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ጥር 8
 እንዴት ብዬ ልጻፈው…
የኋላሸት በሚባለው ጎረቤታችን አውድማ ላይ ነበርን። በሬዎቹ ዙሪያውን እየዞሩ ያበራያሉ፣ ልጆቹ ከኋላ ይጮኻሉ። ድንገት መሬቱ ሰመጠ። አንዱ በሬ በኋላ እግሩ ገባ። ከዚያ ከጉድጓዱ አንድ ነገር ወጣ… ጭንቅላቱ ብቻ። ፌንጣ ልበለው? ከመሶብ የሚበልጥ ጭንቅላት ያለው ምን ፌንጣ አለ? የፊት እግሮቹ ሰፋፊ፣ ለመቆፈር የተሠሩ። መንጋጋው ሁለት ማጭድ። ዓይን አላየሁበትም። በሬውን ጎትቶ ገባ። ጩኸቱ ከሥር ይሰማ ነበር… ቆይቶ ጸጥ።
የኋላሸት ገለባው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ማንም አይዞህ ያለው የለም። ሁላችንም እግራችንን ነበር የምናየው።

የካቲት 10
ሠርግ ነበር። ልቤ እየፈራ ሄድኩ። ከበሮው ደመቀ፣ ጭፈራው ጋለ፣ የዳሱ መሃል ተከፈተ።
ሙሽራዋን ወንድሟ በክንዷ ጎትቶ አተረፋት። እሱንስ ማን ይጎትተው?… ምስኪን። ሌላ መጻፍ አልችልም።

የካቲት 15
ጉብታው ላይ ወጥቼ ለአማረ ደወልኩ። ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዳይስ እየጣልን የምንጫወተውን የጀግኖችና የአውሬዎች ጨዋታ የሚመራልን እሱ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ይጫወታል። እውነቱን ብነግረው አበደች ይላል። «ለጨዋታህ አዲስ አውሬ ፈጠርኩልህ» አልኩት። ደስታው!
«ጉልበቱ ስንት ነው? ቅርፊቱን ቀስት ይበሳዋል?»
የማውቀውን ነገርኩት። «አውድማ በላ» ብሎ ስም አወጣለት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
«ምን ይጠራዋል ታዲያ? ዝም ብሎ የሚመጣ አውሬ ለጨዋታ አይሆንም። ተጫዋቹ የሚያመልጥበት ነገር ይፈልጋል።»
 የበሬዎቹ ኮቴ… ከበሮው… ጭፈራው… ምት ነው! መሬት ሲደበደብ ይሰማል!
«ሂዊ? አለሽ?»
ዘጋሁበት።

መጋቢት 20
ጾም ከገባ ወዲህ ምንም የለም። ሠርግ የለ፣ እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ የቤተ ክርስቲያኑም ከበሮ ለጾሙ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ሰው ሁሉ «ጾማችን አባረረው» ይላል። ደስ ብሏቸዋል… ልጆቹም መሮጥ ጀምረዋል።
አፌን ልክፈት? ትናንት የመጣች የከተማ አስተማሪ፣ «ጾሙ አይደለም፣ ዝምታው ነው» ብትል ማን ይሰማታል? ፈሪ ነኝ። ፋሲካ ሲመጣ ግን ከበሮው ይወጣል። ያን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሰብስቦ።

ሚያዝያ 25፣ ስቅለት
ቀኑን ሙሉ ስግደት። ያ ሁሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ሲያርፍ መሬቱ ድም ይላል። ከሰዓት በኋላ ከሥር ሌላ ድም መለሰ።
መዳፌን መሬት ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። እንደገና… ድም። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው። ቀና ስል ከወንዶቹ ወገን የኔታ ያዩኛል። እሳቸውም መዳፋቸውን ከመሬት አላነሡም።

ሚያዝያ 26፣ ቅዳም ስዑር
ጠዋት ለየኔታ ሁሉንም ነገርኳቸው።
«ጾማችን አላባረረውም ነው የምትይኝ?»
«የኔታ ይቅር ይበሉኝ… አዎ።»
የምገባበት አጣሁ። እሳቸው ግን፣ «ጾሙማ ጊዜ ሰጠን፤ የሰጠንን ጊዜ ነው እኛ የተኛንበት» አሉ።
ካህናቱን ሰበሰቡ። ጭቅጭቅ! «ትንሣኤ ያለ ከበሮ? ለቅሶ ነው እንዴ?» ያሉ ነበሩ። ለየኔታ ብለው ግን እሺ አሉ። በእጅ ጭብጨባ ብቻ ይዘመራል። እፎይ አልኩ።
እፎይታዬ ብዙ አልቆየ። የየኔታ ባለቤት እማማ ሥራነሽ፣ «እንዳላማውስ?» አሉ።
ልጃቸው ነው፣ ዲያቆን። ከወንዙ ማዶ ሚካኤል ያገለግላል። ከበሮውን የሚመታው እሱ ነው። ለማዶ ሰው ማን ነገረ? ማንም! ስልክ እዚያ አይሠራም።
«እኔ ልሂድ» አልኩ።
«አንቺን ማን ይሰማሻል ልጄ? የማዶን ካህናት ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ።» መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ቁልቁለት አይችሉም እኮ… ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አሁን ደግሞ ዝናብ ጀመረ። ወንዙ ይሞላ ይሆን?

ሚያዝያ 27፣ ፋሲካ
በዚህ ቤት የፈሰከ የለም።
ሌሊት በጭብጨባ እየዘመርን ሳለ ከማዶ ከበሮ ተሰማ። እማማ ሥራነሽ እጄን ጨበጡኝ። የኔታ አልደረሱም ማለት ነው! ጥቂት ተመታና ቆመ። ተመስገን አልን። ደረሱ፣ አስቆሙት…
እንደገና ጀመረ። አሁን ግን ዝማሬ የለበትም፣ ከበሮው ብቻ ነው። ደግሞ ይሄዳል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ፣ ጦም ወዳደረው ማሳ ወረደ። እየራቀ። እየፈጠነ። «የሳቸው እጅ ነው» አሉ እማማ። «አመታታቸውን አውቀዋለሁ።»
ከዚያ ተቋረጠ። ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን። እስኪነጋ።

ሚያዝያ 28
እንዳላማው መጣ። ጭቃ በጭቃ። ቁጭ በል ብንለው እምቢ አለ፣ ቆሞ ነገረን።
ወንዙ ሞልቶ ኖሮ፣ አባቱ እስኪጎድል ጠብቀዋል። ሲደርሱ ከበሮው ተጀምሯል፣ ግቢው መሃል መሬቱ መሰንጠቅ ይዟል። «ከበሮውን ካንገቴ አወጡት… ‹ማንም እግሩን እንዳያነሣ› አሉ። እየመቱ ወጡ። ልከተል ስል ‹ቁም!› አሉኝ። ቆምኩ…»
እናቱን አያቸው። «ለምን ታዘዝኩ እማዬ?»
እማማ አቅፈውት ቀሩ። እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ ተናግሬ ቢሆን… ወንዙ ሳይሞላ…

ሚያዝያ 30
ለቅሶው ማሳው ዳር ሆነ። የሁለቱም ደብር ሰው መጣ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቀስ እያለ።
አንዱ ሽማግሌ፣ «አስከሬን የለ። መቃብሩን የት እናድርግላቸው?» አሉ። እንዳላማው፣ «አባባ ተቀብረዋል» አለ። «ከሰው ሁሉ ጠለቅ ብለው ነው እንጂ።»
በዚህ አገር ለእንዲህ ያለ ሰው ደረት ይደቃል፣ ይዘለላል፣ መሬት ላይ ይወደቃል። ዛሬ ማንም አልዘለለም። አልቃሿ ሙሾውን በሹክሹክታ አወረደች፤ ሕዝቡ እንደቆመ፣ ድምፁን ውጦ አነባ። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም።
እማማ ሥራነሽ ብቻ አልቻሉም። ራሳቸውን መሬት ላይ ሊጥሉ ሲሉ እኔና እንዳላማው በግራና በቀኝ ደግፈን ያዝናቸው።
«ልቀቁኝ» አሉ። «እባካችሁ… አንዴ ልውደቅላቸው።»
አልለቀቅናቸውም።